አዲስ አበባ ያለች ቮልስዋገን ድሬዳዋ ሆኜ ስገዛ

አሮጌ መኪና ሳያዩ መግዛት እብደት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ድሬዳዋ ተቀምጬ፣ አዲስ አበባ የነበረች የ1967 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል በዓይኔ ሳላያት ገዝቻለሁ። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ እንደ ልብ ተዘግቶ የሚኬድበት ሥራ አይደለም። በየማስታወቂያው 500 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዙ መኪና ማየት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። መኪናዋ ከመጣች በኋላ «እንዴት አምነህ ገዛህ?» የሚሉኝ ሰዎች ስለበዙ ያደረግሁትን ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ። ሻጩንም ፎቶውንም ማመን አላስፈለገኝም። ለእኔ ወግኖ የሚያይ ሰው ከፍዬ አቆምኩ፣ የት የት ማየት እንዳለበትም አስቀድሜ አጥንቼ ነገርኩት።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ልባችሁ ያረፈው ፔጆ 404 ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልጋችሁም። ሐረር ለረጅም ዘመን በ404 ታክሲ የኖረች ከተማ ናት። ፒኒንፋሪና የነደፋት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀርባ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድርን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች፤ ለእኛ መንገድ የተፈጠረች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የ404ን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ ሐረርም ድሬም ታገኛላችሁ። ስለዚህ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ነድታችሁ ግዙ። ቮልስዋገን ግን ሌላ ነው፤ ገበያውም፣ መለዋወጫውም፣ እድሜውን በእሱ ላይ የፈጀው መካኒክም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው።

ከውጭ ላስመጣ የሚል ካለም መንገዱ የተዘጋ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ የጣለው ታክስ ከባድ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪኖች ያሉት ብቻ ናቸው ማለት ነው። ዋጋቸው የሚወደደውም፣ ደላላው በቀላሉ የማይለቅቃችሁም በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ልቤን የወሰደችው ሌላ ቀይ ቮልስዋገን ነበረች። በፎቶ ስትታይ ከፋብሪካ ትናንት የወጣች ትመስላለች። ደላላው «ሙሉ በሙሉ ኦሪጅናል ናት፤ ነገ ሌላ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ነው» አለኝ። እኔም ሌላ ፎቶ አልፈልግም፣ ሦስት ነገር ብቻ አንስተህ ላክልኝ አልኩት፤ ሊብሬውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን እና የሞተር ቁጥሩን። ቢትል ላይ የሻንሲ ቁጥሩ የሚገኘው የኋላ ወንበሩ ሲነሳ ከሥሩ በሚታየው የመኪናዋ አከርካሪ ላይ ተመትቶ ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከኋላ፣ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ነው። ሁለቱ ፎቶዎች ቶሎ መጡ። ሦስተኛው ግን ብዙ ከተጠየቀ በኋላ፣ ያውም ደብዝዞ መጣ።

ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥር በ«ኤፍ» ይጀምራል፤ ብረቱ ላይ የተመታው ግን በ«ዲ» ነው። ኤፍ የ1300 ሞተር ነው፣ ዲ የ1200። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ሊብሬው ግን አልተስተካከለም። ይህን ስነግረው ደላላው «ታዲያ ሞተር መቀየር ምን ችግር አለው? ሁሉም ይቀይራል» አለኝ። መቀየሩ ችግር የለውም፤ ሳይመዘገብ መቀየሩ ነው ችግሩ። ስም ሲዛወር መኪናዋ ትመረመራለች፣ ቁጥሮቹም ከሊብሬው ጋር ይመሳከራሉ። ካልገጠሙ ሁለተኛው ሞተር ከየት እንደመጣ በሰነድ ማስረዳት ይጠይቃል። ያንን ሰነድ ማምጣት የሻጩ ፋንታ ነው፤ ገዥው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ግን ጣጣው በገዥው ላይ ይወድቃል። ያቺን ቀይ መኪና እዚያው ተውኳት።

የሻንሲ ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ሞዴል ባሉት ላይ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪናዋን ዓይነት ሲነግሩ ሦስተኛው ዓመቱን ይነግራል። በ117 የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው፣ በ115 የሚጀምር የ1965። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል ማውጣት የሚጀምረው ከሞዴሉ ዓመት በፊት ባለው ኦገስት ላይ ስለነበር አንድ ዓመት ቢዛነፍ አትደንግጡ። «የ70 ሞዴል ናት» ተብሎ ቁጥሯ በ115 ከጀመረ ግን ወሬውን ትታችሁ ቁጥሩን እመኑ።

የገዛኋት መኪና የተገኘችው በደላላ ሳይሆን በዘመድ ወሬ ነው። ባለቤታቸው ያረፉባቸው አንድ እናት ግቢያቸው ውስጥ ያቆሟት ነበረች። ስደውልላቸው ዋጋ ከመንገራቸው በፊት «መኪናዋ የሟች ባለቤቴ ናት፤ ልጆቹ ሁሉ ካልፈረሙ አልሸጥልህም» አሉኝ። አሮጌ መኪና ስጠይቅ የሰማሁት እጅግ ደስ የሚል ንግግር ይህ ነው። ስለ ወረቀቱ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መካኒኩ እንምጣ። ሻጩ ወይም ደላላው የሚያመጣው መካኒክ የሻጩ ወይም የደላላው ሰው ነው፤ ክፉ ሰው ባይሆን እንኳ ነገም ከእነሱ ጋር ይሠራል። እኔ የፈለግሁት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ነበር። ቮልስዋገን ያላቸውን ሰዎች አጠያይቄ አንድ አንጋፋ መካኒክ አገኘሁ። ሒሳባቸውን የተነጋገርነው መኪናዋ ብትገዛም ባትገዛም እኩል እንዲሆን ነው፤ ከመመርመሩ በፊትም ላክሁላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው በግዥው ላይ ከተንጠለጠለ መካኒኩ ሳያውቀው ልቡ ወደ መሸጡ ያዘነብላል። «ይቺን ተዋት» ማለት የሚችለው ኪሱ የማይጎዳ ሰው ነው።

ምርመራው የተደረገው ጠዋት፣ ብርሃን ባለበት ግቢ ውስጥ፣ በቪዲዮ ጥሪ ነው። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቆመ፤ መካኒኩ ጋሼ ይነካሉ፣ እኔ ከዚህ እጠይቃለሁ። ማንም ሞተሯን እንዳያስነሳ ከዋዜማው ለምኜ ነበር፤ ሞቆ የሚነሳ ሞተር ብዙ ገመናውን ይሸፍናልና።

«ጋሼ፣ ከማስነሳትዎ በፊት እጅዎን ያሳርፉበት» አልኳቸው።

«በረዶ ነው ልጄ። ዛሬ ማንም አልነካትም» አሉኝ።

ቀጥለን ወደ ብረቱ ሄድን። ሞተር ይወርዳል፣ ይሠራል፣ ይመለሳል፤ የቢትል ሞተር ደግሞ አራት ዋና ብሎኖች ሲፈቱለት የሚወጣ ነው። የበሰበሰ አካል ግን ገንዘብም ጊዜም አይበቃውም። አዲስ አበባ ክረምቱ ረጅም ነው፤ በአንድ ቦታ የቆመች መኪና ከሥሯ ውኃ ትጠጣለች። ጋሼ በስስ ጨርቅ የጠቀለሉትን ማግኔት በአካሏ ላይ እያንሸራተቱ ዞሩ። ጣሪያው ላይ ያዘ፣ በሮቹ ላይ ያዘ። የፊት ግራው ፓራፋንጎ (የጎማው ክዳን) ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። ደግመው አስጠጉት፣ ደግሞም ወደቀ። ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ወፍራም ስቱኮ ነው፤ መኪናዋ በዚያ በኩል ተጋጭታ ያውቃል። ይህ ቅር ቢያሰኝም አላስደነገጠኝም፤ የቢትል ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ ነው፣ ተፈትቶ ሌላ ይገጠምለታል። ማግኔቱ የወደቀው ከበሩ ሥር ባለው ረጅም የብረት ሣጥን ላይ ቢሆን ኖሮ ጥሪውን እዚያው እዘጋው ነበር። ያ ሣጥን ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀት የሚያልፍበት ብቻ ሳይሆን የመኪናዋን ወገብ የሚይዝ ነው፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚዝግም ቀለም የተቀባ ዕለት ምንም አይታይበትም።

እሱን ለማወቅ ጋሼ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው። ክሪኩን መኪናዋ በምትነሳበት በራሷ ቦታ አስገብተው ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አነሷት፤ ከዚያ በሩን ከፍተው ዘጉት። በሩ እንደ በፊቱ ገጠመ። ሣጥኑ የበሰበሰ ቢሆን ክሪኩ ብረቱን እየጨፈለቀ ይገባ ነበር፣ ወይም መኪናዋ ስትለመጥ በሩ አልዘጋ ይል ነበር። ይህን ማንም ሰው፣ ከክሪክ ሌላ ምንም መሣሪያ ሳይኖረው ሊያደርገው ይችላል።

ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበሩ ሥር በቀኝ በኩል ነው። አሲዱ በዓመታት ብዛት ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላል። ጋሼ ባትሪውን አንስተው በካቻቪቴ ሲጫኑት መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ዘልቆ ወጣ። በካሜራው በኩል መሬቱ ታየኝ። ጥሩ ባቲላሜራ የሚያስተካክለው ጉዳት ስለሆነ ከፓራፋንጎው ጋር ደምሬ ለዋጋ ድርድሩ አስቀመጥኩት።

ሞተሩ ላይ የጠየቅሁት ጥቂት ነው። የኋላውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራሳቸውና ወደ ውስጥ እንዲገፉት፣ ስልኩም እንዲጠጋ አደረግሁ። በጣት የሚሰማ እንቅስቃሴ ኖሮ ቀጭ ቀጭ ካለ የዋናው ኩሽኔታ ነገር አብቅቷል፤ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መክፈት ግድ ይሆናል። ዝም አለ። የአራቱ ሲሊንደሮች ግፊት ተለካ፣ ተቀራራቢ ሆነ። ከዚያ ጋሼ ራሳቸው ነዷት፤ በሁለተኛ ማርሽ እየሄዱ ነዳጁን ሲለቁ ማርሹ ዘሎ እንዳይወጣ አዩልኝ። ፍሬኑ ወደ ቀኝ ይጎትታል አሉ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ወረቀቱ ከመኪናው ይልቅ ጊዜ ወሰደ፤ ይህንንም ስለማውቅ አልቸኮልኩም። ባለቤቱ የሞተበት መኪና የሚሸጠው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቶ፣ ወራሾች ሁሉ ተስማምተው ነው። አንደኛው ልጅ የሚኖረው ውጭ አገር ስለነበር ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሰጥቶ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መቅረብ ነበረበት። ሻጩ በሕይወት ያለ ባለትዳር ቢሆንም ጥያቄው አይቀርም፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ያላገባ ወይም የፈታ ከሆነም ማስረጃውን ያምጣ።

አንድ ጎረቤት በመሃል ገብቶ «ይህ ሁሉ ለምን? ሙሉ ውክልና ይስጡህና ዝም ብለህ ንዳት» አለኝ። በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ መኪኖች በአገራችን ብዙ ናቸው፤ ይህን ምክር የሚሰማ ሰውም ብዙ ነው። እባካችሁ አትስሙት። ውክልና የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም ቀሪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት መቆም ይመጣል። አሮጌ መኪና ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ ሰው ንብረት ነው። ውክልና የተጠቀምኩት ለሌላ ነገር ነው። ድሬዳዋ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ የአጎቴ ልጅ በስሜ ውሉን እንዲፈርምና ስም እንዲያዛውር ወከልኩት፤ ውክልናው ላይም የዚያችን አንዲት መኪና የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር አስገባሁ።

እስከዚያው ድረስ የሰጠሁት ቀብድ ብቻ ነው። ቀብድ በእኛ ሕግ ተራ ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱ በቃል አይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ ወረቀት ላይም ይስፈር። እኔ የጨመርኩት አንቀጽ ነበር፤ የጋሼን የምርመራ ዝርዝር ከውሉ ጋር አያይዤ፣ መኪናዋ እስክትረከብ ድረስ አንድ ዕቃ ቢቀየር ወይም ቢጎድል ቀብዱ ይመለሳል የሚል። የቆመ አሮጌ መኪና ላይ ኦሪጅናል መብራቱ፣ መሪው፣ የጎማ ሽፋኑ ሁሉ ተፈላጊ ስለሆነ፣ ከስምምነቱ በኋላ የሚጠፋ ዕቃ አለ። ቀሪው ገንዘብ በሲፒኦ ተዘጋጅቶ የተሰጠው ሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ውስጥ፣ ፊርማው ካለቀ በኋላ ነው። መኪናዋ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗም ከዚያ በፊት ተረጋግጧል። የቴምብር ቀረጡንና የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በመጨረሻዋ ሰዓት ሰው የሚያጣላው ይኸው ነው።

ነድተው ያምጡልኝ የሚል ሐሳብ ለአፍታም አልመጣብኝም። ፍሬኗ የሚጎትት፣ ለረጅም ጊዜ የቆመች መኪና በአዋሽ ሙቀት፣ በአሰበ ተፈሪና በቁልቢ ዳገት፣ በደንገጎ ቁልቁለት አትነዳም። በጭነት መኪና መጣች። ስትጫን ባትሪዋ ተነቀለ፣ ቤንዚኗ ተቀነሰ፣ ከአራቱም ማዕዘን በቀን ብርሃን ፎቶ ተነሳች፣ ውስጧ ያለው ዕቃ ተዘርዝሮ ሹፌሩ ፈረመበት። ገመዱ ጎማዎቹን እንጂ መከላከያውን እንዳይዝ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ በመከላከያው የታሰረች መኪና መንገድ ላይ በተወዛወዘች ቁጥር ብረቱ ይጣመማል።

ድሬ ከደረሰች በኋላ የገጠመኝን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ስለዚህ በደንብ ልናገረው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ መካኒኮች ከካርቡሬተሩ የሚወጣውን ቤንዚን ይቀንሱታል። መኪናዋም ለዚያ አየር ተስተካክላ ነበር። እዚህ ቆላ ስትወርድ የሚገባው አየር ይበዛል፣ ቤንዚኑ ግን እዚያው ነው፤ ድብልቁ ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ሞተር ያግላል፤ ቢትል ደግሞ ራዲያተር የላትም፣ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ሞዴል በተሠሩት ላይ ከሁሉም የሚግለው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የእሱን አየር ይጋርደዋልና። መጀመሪያ ቫልቩ የሚቃጠለውም እዚያ ነው።

ይህን የነገረኝ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ መካኒክ ነው። ከተማ ውስጥ ትንሽ ነድቼ ስመለስ ካንዴላዎቹን አወጣና መዳፉ ላይ ደረደራቸው። አራቱም ጫፋቸው እንደ ኖራ ነጭ ነበር። «አቦ፣ ይቺ መኪና ቤንዚን ተርባለች» አለኝ። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። የካርቡሬተሩን ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳው ሰፋ ባለ ቀየረው፣ የእሳቱንም ጊዜ አስተካከለ፤ በሳምንቱ ካንዴላዎቹ ቡናማ ሆነው ወጡ። ከደጋ አሮጌ መኪና ወደ ቆላ የምታወርዱ ሁሉ፣ መኪናዋ በመጣች ማግስት ይህን ሳታስደርጉ ሩቅ መንገድ አትውጡ።

ፍሬኗን ያስተካከለልን ምድር ባቡር አውደ ጥገና ውስጥ ሙያውን የተማረ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጂቡቲ ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይህች ከተማ ብረት የሚያውቅ እጅ አጥታ አታውቅም፤ ዛሬም ከጡረተኞቹና ከልጆቻቸው ሙያው አለ። ታምቡሮቹን ቶርኖ ላይ አስሮ አንድ በአንድ አስተካከላቸው፣ ጉተታው ጠፋ። ወለሉን ባቲላሜራው ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው። ፓራፋንጎው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። መለዋወጫ በኩል ቢትል ዕድለኛ ናት፤ ሜክሲኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ስትመረት ስለነበር ከእሷ እኩዮች ይልቅ ዕቃዋ ይገኛል።

አሁን የሦስተኛ ወገን መድኗንም ቦሎዋንም ጨርሳ፣ ከድሬ ሐረር በደንገጎ ትወጣለች። ዳገቱን በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳላስጨንቅ እወጣለሁ። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ሞተሩን የሚያለሰልስም የሚያቀዘቅዝም እሱ ነው። ማጣሪያዋ ተራ የሽቦ ወንፊት ስለሆነ ፋብሪካው በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ቢልም፣ በእኛ ሙቀት በ3,000 እቀይራለሁ፤ ወንፊቱንም በዚያው አስወጥቼ በቤንዚን አሳጥበዋለሁ። በወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ አታስነሷት፤ መካኒኩን ቤት ድረስ ጥሩት።